የማደሪያው ጠባቂ ዕዳ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰው የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ በዚህ ጉባኤ መካከል አይገኝም። ካህኑ አይቶ እንዳለፈ፤ ሌዋዊውም እንደዚሁ እንዳለፈ፤ ሳምራዊው ግን ቀርቦ ቍስሉን በዘይትና በወይን አክሞ እንዳሰረለት ሕፃናት እንኳ ይማሩታል። ስለ ሳምራዊው ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ቍስለኛውም ብዙ ተተርጕሟል። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ስሙ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ ነው።

ሳምራዊው በማግሥቱ መንገዱን ሄደ፤ ጠባቂው ግን ከቍስለኛው ጋር ቀረ። የቍስሉን ጨርቅ የሚለውጥ፤ ሕመምተኛው ሌሊት ሲቃዥ ተነሥቶ የሚያረጋጋ፤ ወንበዴዎቹ ያደረጉበትን ሁሉ ደጋግሞ ሲናገር የሚያደምጥ እርሱ ነው። ሳምራዊውም ይህን ስላወቀ ሁለት ዲናር አስቀድሞ ከፈለ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ከዚህ እንደሚታየው የጠባቂው ድካም ወጪ አለው፤ ወጪውም አስቀድሞ ተቈጥሮ የሚያልቅ አይደለም። አባቶች በትርጓሜያቸው ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን ይመስሉታል። እንዲህ ከሆነ የጠባቂው ነገር ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ይህን ጉባኤ ይመለከታል።

የዚህ ንግግር ጕዳይ ይኸው የጠባቂው ወጪ ነው። በጦርነትና በግፍ የተጐዱትን በየዕለቱ የሚቀበሉ ነርሶች፤ የምክር ሰጪዎች፤ አስተርጓሚዎች፤ የአምቡላንስ ነጂዎች፤ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ወጣቶች፤ እነዚህ ሁሉ የዘመኑ የማደሪያ ጠባቂዎች ናቸው። የሌላውን ቍስል ሲያጥቡ በራሳቸው አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ምን እንደ ሆነ፤ በምንስ እንደሚረዱ መመርመር ያሻል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 በሰሜን ኢጣልያ ሶልፈሪኖ በሚባል ስፍራ የፈረንሳይና የሰርዲንያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተዋጋ፤ በአንድ ቀንም ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ ወይም ቈሰለ። በአቅራቢያው ባለችው በካስቲልዮኔ ከተማ ቍስለኞች በየአብያተ ክርስቲያናቱ ወለል ላይ ተኙ። በዚያ ጊዜ ለንግድ ጕዳይ በመንገድ የነበረ ሄንሪ ዱናን የሚባል የጄኔቭ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ጕዳዩን ትቶ የከተማይቱን ሴቶች ሰብስቦ ማስታመም ጀመረ። ሴቶቹም ይህ ወዳጅ ነው፤ ያ ጠላት ነው ሳይሉ ለሁሉም ውሃ አጠጡ። ዱናን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ጻፈ፤ ከዚያም የተነሣ በ1863 የቀይ መስቀል ኮሚቴ ተመሠረተ፤ በ1864ም የጄኔቭ ውል ተፈረመ።

በዚያው መጽሐፍ ግን ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ከረዳቶቹ መካከል አንድ የቤልጅግ ሰው ከርኅራኄው ብዛት የተነሣ መንፈሱ እጅግ ስለ ታወከ፤ ብርቱ ትኩሳት እንዳይጥለው ተፈርቶ ስለ ራሱ ደኅንነት ማብረድ አስፈለገ። እነሆ፤ ገና ቀይ መስቀል ሳይወለድ የረዳቱ ሕመም ተመዝግቧል። ዱናን ራሱም በ1867 ንብረቱ ከስሮ በድህነት ተንከራተተ፤ በመጨረሻም ሀይደን በምትባል የስዊስ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ከ1892 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1910 ድረስ፤ አሳዳጅ ያለበት እየመሰለው በፍርሃት ኖረ። በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ከሌላ ሰው ጋር ሲሰጠው በዚያው ክፍል ውስጥ ነበረ። የመከራው ምክንያት አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ኪሣራውም ውርደቱም ነበረበትና። ዳሩ ግን ዓለም የሰጠው ክብር ብቻውን ለነፍሱ ማረፊያ እንዳልሆነው ከታሪኩ ይታያል።

ኢትዮጵያም ይህን መከራ በገዛ ምድሯ አይታዋለች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የቍስለኞች መታከሚያ የሆነው ስፍራ ጭምር ተመታ፤ ታኅሣሥ 20 ቀንም በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን የሕክምና ጓድ ቦምብ ወረደበት። ሐኪሞቹና አስታማሚዎቹ የመርዝ ጢስ ያቃጠለውን ሰው የሚያክሙበት መድኃኒት እንኳ ሳይበቃቸው ሌሊትና ቀን ሠሩ። የዚያ ዘመን ታሪክ ሲጻፍ የሞቱት ተቈጠሩ፤ የዳኑትም ተቈጠሩ፤ ያንን ሁሉ አይተው ወደ ቤታቸው የተመለሱትን አስታማሚዎች፤ ድንኳን ተካዮችና ቃሬዛ ተሸካሚዎች ግን ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈላቸው የጠየቀ ጥቂት ነው።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ተፈረመበት ድረስ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የሆነውም ከማንም ልብ አልጠፋም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጋር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ጽሑፍ፤ ተፋላሚ ወገኖች ሁሉ በልዩ ልዩ መጠን ግፍ እንደ ፈጸሙ፤ ከግፉም ውስጥ የሴቶች መደፈር እንደሚገኝበት ተመዝግቧል። እነዚያን ሴቶች በየሆስፒታሉ የተቀበለቻቸው ነርስ ከሩቅ አገር የመጣች አልነበረችም፤ የዚያው ሰፈር ልጅ ነበረች እንጂ። የእርሷም ቤት ተዘርፎ፤ የእርሷም ዘመድ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከሚባለው ማኅበር ሦስት ሠራተኞች በትግራይ መንገድ ላይ ሲገደሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዓለም ሁሉ እንዲህ ነው፤ በርዳታ ሥራ ላይ ከሚሞቱትና ከሚቈስሉት አብዛኞቹ የዚያው አገር ተወላጆች ናቸው።

አሁን የሕመሙ ጠባይ ይመርመር። ሊቃውንቱ በሦስት ስም ይለዩታል። የመጀመሪያው ነዶ ማለቅ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል ሐኪመ አእምሮ ቀን የራሱን ሥራ ሲሠራ ውሎ ማታ በኒው ዮርክ ድኾች በነጻ በሚታከሙበት ቤት ያገለግል ነበር፤ በመጨረሻም ራሱ ደክሞ ወደቀ፤ በ1974ም በአውሮፓ አቈጣጠር ስለዚህ ነገር ጻፈ። እንደ ጧፍ ነው፤ ሲያበራ ያልቃል፤ የሚቀይረውም ከሌለ ይጠፋል። ሁለተኛው የርኅራኄ ድካም ነው፤ ይህንም ቻርልስ ፊግሊ የሚባል መምህር በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገልጾታል። ግፍ የደረሰበትን ሰው የሚረዳ ሰው ግፉ በራሱ ላይ እንደ ደረሰ ያህል ይቃዣል፤ ይደነግጣል፤ ነገሩን ከሚያስታውሰው ስፍራም ይሸሻል። ሦስተኛው የሰሚው ቍስል ሊባል ይችላል፤ ሊሳ ማካንና ሎሪ አን ፐርልማን የሚባሉ ሁለት ሴቶች በ1990 የጻፉት ነው። ክፉ ነገርን ለዓመታት የሰማ ሰው ዓለምን የሚያይበት ዓይን ይለወጥበታል፤ ሰውን ማመን ይከብደዋል፤ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እንኳ የማይመለስ ይመስለዋል።

ይህ በሕይወት ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት አንዲት ነርስ በሐሳብ ትሣል። ቀን አራት ሴቶችን ተቀብላ የእያንዳንዳቸውን ቃል በመዝገብ ጽፋለች። ማታ ወደ ቤቷ ገብታ እጇን ታጠበች፤ ንጹሕ ሳለም ደግማ ታጠበች። እራት ቀረበ፤ አልበላችም። ልጇ በጫወታ መካከል ቢጮህ ተቈጣችው፤ ወዲያውም አፈረች። ባሏ ምን ሆነሻል ቢላት ምንም አለች፤ የሴቶቹ ምሥጢር አደራ ነውና የምትናገረው የላትም። ጎረቤት ቡና ጠርታት ሄደች፤ ነገር ግን የሚባለውን አልሰማችም። እሑድ ስታስቀድስ እንባዋ አልመጣ አለ፤ ዱሮ ያለቅስ የነበረ ልቧ ደረቀ። ይህች ሴት እምነቷ የጐደለ መሰላት። እምነቷ ግን አልጐደለም፤ የተሸከመችው ሸክም ከአንድ ሰው ትከሻ በላይ ሆነባት እንጂ።

በዚህ ስፍራ ነቢዩ ኤልያስ ሊታሰብ ይገባል። እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ ከዚያ በኋላ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም። መልአኩ ቀስቅሶ እንጀራና ውሃ ሰጠው፤ በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። የኮሬብ መንገድ የመጣው ከእንቅልፉና ከእንጀራው በኋላ ነው። በኋላም ኤልሳዕን በፈንታው ነቢይ አድርጎ እንዲቀባ ታዘዘ፤ ኤልሳዕም ተከትሎ አገለገለው። ለሙሴም አማቱ ዮቶር፤ ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ሲዳኝ ውሎ ሲያመሽ ባየው ጊዜ፤ ሥራውን ካላካፈለ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ መከረው። ሙሴም ምክሩን ሰማ። እንግዲህ መጻሕፍት ለደከመ አገልጋይ ያዘዙት መድኃኒት ይህ ነው፤ ምግብ፤ እንቅልፍ፤ ባልንጀራ፤ የሥራ መከፈል።

የዛሬው ጥበብም ከዚህ የራቀ አይደለም። በኮንጎ ቡካቩ በምትባል ከተማ ዶክተር ዴኒ ሙክዌጌ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 የፓንዚን ሆስፒታል መሠረተ፤ በጦርነቱ የተደፈሩትን በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሴቶችም በዚያ ታከሙ። ሆስፒታሉ ሥራውን በአራት ከፈለው፤ ሥጋን ማከም፤ አእምሮን ማጽናናት፤ በፍርድ ቤት መርዳት፤ መተዳደሪያ ሥራ መስጠት። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ሁሉን አይሸከምም፤ ቀዶ ሐኪሙ ጠበቃ፤ ጠበቃውም አጽናኝ ይሁን አይባልም። ሙክዌጌ በ2012 በቤቱ ሊገድሉት የመጡ ሰዎች ከደረሱበት በኋላ አገሩን ለቆ ነበር፤ የዚያ አገር ድኾች ሴቶች ግን አናናስና ሽንኵርት ሸጠው ለመመለሻው የአውሮፕላን ዋጋ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ እርሱም በ2013 ተመለሰ። በ2018 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፈለ። ከሽልማቱ አስቀድሞ ግን ቍስለኞቹ ራሳቸው የማደሪያውን ጠባቂ ዕዳ በአናናስ ከፈሉ።

በ2007 በአውሮፓ አቈጣጠር የዓለም የርዳታ ድርጅቶች በአንድነት ያወጡት መመሪያ ስለ ሠራተኞች የአእምሮ ጤንነት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በዚያም ብርቱ አደጋ የደረሰበትን ሠራተኛ ሁሉ፤ አስተርጓሚውንና ነጂውን በፈቃዱ የሚያገለግለውንም ሳይቀር፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊጠይቀው እንደሚገባ ታዟል። የነጂው ስም መጻፉ ታላቅ ነገር ነው። ነጂው መሪውን ይዞ ከፊት ሲቀመጥ ከኋላ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፤ ነገር ግን ምን ሰማህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር በ2011 ያወጣው የአእምሮ የመጀመሪያ ርዳታ መጽሐፍም ሥራውን በሦስት ቃል ያስተምራል፤ አይቶ ማስተዋል፤ ማዳመጥ፤ ወደሚረዳ ሰው ማገናኘት። ረዳቱም ራሱን እንዲጠብቅ ያዝዛል። ከዚህ ጋር አንድ ስሕተት እንዳይደገም ማወቅ ያስፈልጋል። ዱሮ አደጋ ያየውን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ያየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስነገር መድኃኒት ይመስል ነበር። ምርመራ ሲደረግ ግን ይህ ከሕመም እንደማያድን፤ አንዳንዱንም ይልቁን እንደሚጐዳ ታወቀ። ስለዚህ ሰው ሊናገር ሲወድ ይናገር፤ ሊዘም ሲወድ ይዝም። የሚጠቅመው በሥራው ቤት ያለው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም በየቀኑ የሚሰማውን ሰው ቍጥር መወሰን፤ ከከባዱ ሥራ በተራ ማሳረፍ፤ ከአንጋፋ ባልንጀራ ጋር በየጊዜው መመካከር፤ ፈቃድን ያለ ነቀፋ መስጠት፤ ደከመኝ ያለውንም ከሥራው አለማባረር ነው። ሕመሙ ሲበረታ፤ እንቅልፍ ለሳምንታት ሲጠፋ፤ መጠጥ ሲበዛ፤ ሞትን መመኘትም ሲመጣ፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ያለ ቤት ነው፤ በሌሎችም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ አሉ። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን በሌላ ደዌ ምክንያት ሁለቱ አብረው እንዲወሰዱ በግልጥ መክረዋል።

ክቡራን አባቶች፤ የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ይህ ሁሉ ለመንግሥትና ለርዳታ ድርጅት የሚነገር እንጂ ለአንድ ደብር ምን ይገደዋል የሚል ቢኖር፤ የሚመለከተው እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ እንዲህ ያለችውን ነርስ ሰው ሁሉ ቅድስት፤ ጀግና እያለ ያመሰግናታል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጀግና የተባለ ሰው ደከመኝ ማለት ያፍራል። ምስጋና በዕረፍት ፈንታ ሲሰጥ ሸክም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ደግሞም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሽማግሎችን ደም ግፊት እንድትለካ የምትጠራ እርሷ ናት፤ በስድስት ቀን የደከመችው በሰባተኛውም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ትሠራለች። ይህ ዕዳ የሰበካ ጉባኤው ዕዳ ነው።

ሁለተኛ፤ ከዚያ ሥራ የተመለሰን ሰው ምን አየህ፤ ምንስ አደረጓቸው እያሉ መጠየቅ ይቅር። የሚያስፈልገው ጆሮ እንጂ ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ዕድር ለሞተ ሰው ቤት ንፍሮና ወጥ ይዞ ይሄዳል፤ ድንኳን ይተክላል። በሕይወት ሳለ ለደከመው ሰው ቤት በሳምንት አንድ ቀን መሶብ ይዞ ቢሄድ፤ ሰንበቴውም ልጆቿን ጠብቆ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያስተኛት፤ መልአኩ ለኤልያስ ያደረገውን አደረገ።

አራተኛ፤ የንስሐ አባት ራሱ ሰሚ ነው። በጦርነቱ ዘመን የተነገረውን ሁሉ በልቡ ይዞ የሚኖር ካህን ከነርሷ ያነሰ ሸክም የለበትም። የኑዛዜን ምሥጢር ለማንም አይገልጥም፤ ነገር ግን የራሱን ድካም ለራሱ የንስሐ አባት መግለጥና ሲታመምም መታከም አልተከለከለም። የደከመች ነርስ ወደ እርሱ ስትመጣ፤ ጸሎትን አዝዞ ብቻ ሳይሸኛት፤ ተኝተሻል ወይ፤ በልተሻል ወይ ብሎ ይጠይቃት።

አምስተኛ፤ ነሐሴ 13 ቀን 1995 ዓ.ም. በባግዳድ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት በፈንጂ ፈርሶ 22 ሰዎች ሞቱ፤ ስለዚህም ያ ቀን በዓለም ሁሉ የርዳታ ሠራተኞች መታሰቢያ ሆኗል። ያ ቀን በቤተ ክርስቲያን የደብረ ታቦር በዓል ነው። ጴጥሮስ በተራራው ላይ ዳስ ሠርቶ መኖር ሲወድ፤ ከተራራው በታች የቀሩት ደቀ መዛሙርት አንድ የታመመ ልጅ ቀርቦላቸው ማዳን አቅቷቸው፤ ሕዝብ ከብቧቸው፤ ጸሐፍት ይከራከሯቸው ነበር። ጌታም ከብርሃኑ ወደ እነርሱ ወረደ። በየዓመቱ ችቦ ሲበራ፤ ሙልሙልም ሲታደል፤ ከተራራው በታች ያሉት በስም ይታሰቡ፤ ከሙልሙሉም አስቀድሞ ይድረሳቸው።

ይህ ደብር በኢዮቤልዩው የቈጠራቸው ዓመታት የሕንፃው ዓመታት ብቻ አይደሉም፤ የማደሪያነቱም ዓመታት ናቸው። በኦሪት ሥርዓት ኢዮቤልዩ ባርያ ነጻ የሚወጣበት፤ ምድርም የምታርፍበት ዓመት ነበረ። ምድር እንኳ ዕረፍት ከተገባት፤ የተሰበረውን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ምን ያህል ይገባት ይሆን? ሳምራዊው ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገብቷል፤ ቃሉም አይታጠፍም። እስኪመለስ ድረስ ግን ጠባቂው ከአልጋው አጠገብ ቁሞ እንቅልፍ እያሸነፈው ነው። በማደሪያው ውስጥ ሌላ ሰው ካለ፤ ተነሥቶ ፋኖሱን ይቀበለው፤ ለአንድ ሌሊትም ያሳርፈው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።